አበባዋ እንዳታልቅ

ፋጤዬ፣

ከሁሉ በፊት ልታውቂው የሚገባው ይህ ነው፦ ልጃችን ሰዓዳ ቤት የለችም። በባሕር ወደ ሳዑዲ ሄዳለች፤ መድረሷን አላወቅንም። ከተለየሽን ወዲህ ሁለት ረመዳን አልፏል። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ አጥቼ አይደለም፤ ደህና ወሬ እስክይዝ እየጠበቅኩ ነው።

ባሏ ከፈታት በኋላ ለልጇ ለኢክራም የራሷን ቤት ካልሠራሁ ስትል ከረመች። መከርኳት፣ ተቆጣኋት፣ ለመንኳት። አንቺ ብትኖሪ ትሰማሽ ነበር። ከጅቡቲ ዳርቻ ሆና «ዛሬ እንሳፈራለን፤ ዱዓ አድርግልኝ» ብላ ደወለች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም።

ኢክራም ከእኔ ጋር ናት፤ የምትተኛው በአንቺ በኩል ነው። ያኔ ጫማዋን የምታስሪላት አንቺ ነበርሽ፤ አሁን አንደኛ ክፍል ገብታለች፣ የፊት ጥርሶቿም ወልቀዋል። እናቷ ስትሄድ «ደርሼ ስደውል በስልኩ የምታሳዪኝ አንድ አበባ ሥለሽ ጠብቂኝ» አለቻት። ልጅቷ ነገሩን ገልብጣ ያዘችው፤ አበባዋ ስታልቅ እናቴ ትደውላለች ብላ አመነች።

ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። ስልኩ ከመሐላችን ነው። እንደማውቀው አስተማርኳት። መጀመሪያ ወረቀቱ መሐል ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ክብ። በዙሪያዋ ሰፋ ያለ ሌላ ክብ፤ እሱ በኋላ ስለሚጠፋ በስሱ፣ ለዓይን እስኪያዳግት። ከዚያ የአበባዋን ቅጠሎች ከትንሿ ክብ እያስነሱ እስከ ትልቋ ማድረስ፤ አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች፣ ሁለቱን በግራና በቀኝ፣ በየመሐሉም ሌላ። ዘንጓ በማስመሪያ አይሰመርም፤ ትንሽ ዘንበል ትበል። ኢክራም እርሳሱን በጣም ትጫነዋለች። ተጭነሽ ያሰመርሽው ቢጠፋም ጠባሳው ወረቀቱ ላይ ይቀራል አልኳት፤ እጇን አላላች።

ቶሎ ገባት። የከበደው ለእኔ ነው። አበባዋ ልታልቅ ስትል ደነገጥኩ፤ አልቃ ስልኩ ዝም ቢልስ? አንዱ ቅጠል ሰፍቷል ብዬ አስጠፋኋት። በማግስቱ ዘንጉ ወፍሯል አልኩ። ከዚያ ደግሞ ቅጠሎቹ እኩል አይደሉም። ዕድሜ ልኬን ያረምኩበትን ዓይን ሰበብ መፈለጊያ አደረግኩት።

በዚህ መሐል ውጫሌ ድረስ ሄጄ ሰዓዳን የላካትን ደላላ አገኘሁት። ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ኔትወርክ ነው፤ ደርሳ ይሆናል» አለኝ። ተማሪ ሳለ ሲዋሽ ጆሮውን ይነካ ነበር፤ አሁንም ነካ። ባለፈው ጁምዓ ከመስጊድ ስንወጣ ደግሞ ከአምባሰል የመጡ ሰዎች ስለ አንዲት ጀልባ ሲያወሩ ሰማሁ። እኔን ሲያዩ ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞሩት። መጠየቅ ፈራሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ከመክፈቴ በፊት ማን እንደሆነ በመስኮት አያለሁ።

ዛሬ ኢክራም ላጲሱን ወሰደችና ተቀመጠችበት። «አባባ፣ ትናንት ልክ ነው ያልከውን እኮ ነው ዛሬ የምታስጠፋኝ። አበባዬን አትወዳትም?» አለችኝ። ደብተር ሳርም አጠገቤ ቆመሽ «ለልጅ አስር ከአስር መስጠት ያምሃል እንዴ?» እያልሽ የምትስቂብኝ ትዝ አለኝ። ሥዕሉን ደግሜ አየሁት፤ እንከን የለውም። ጥጉ ላይ አስር ከአስር ጻፍኩላት። ትልቋን ክብ በላጲስ ቀስ ብላ አጠፋች። አሁን የቀረው መስመሩን ማድመቅ ብቻ ነው፤ ለነገ አሳደርነው። ልትገባ ስትል ስልኩ ቻርጅ እንዳለው አየች።

ፋጤዬ፣ ዱዓ ባደረግኩ ቁጥር ስምሽን አነሳለሁ፤ እስክከተልሽም አነሳለሁ። ቀብርሽ ላይ የሚበቅለውን አረም የምነቅለው እኔው ነኝ፤ ጉልበቴ እስካለ ለሌላ ሰው አልሰጠውም። እስካሁን ምንም ጠይቄሽ አላውቅም። አሁን ግን አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ። በህልሜ ብቅ በይና «ሰዓዳ እኔ ጋ አልመጣችም» በይኝ። ነገ ኢክራም ከትምህርት ቤት ሳትመለስ መልሺልኝ።