ዳማከሴው ደርቋል

ልጄ እምሩ፣ የጊዮርጊስ ጥላ እስካለህበት እስከ ሶፊያ ድረስ ይከተልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ወረቀት ለፖስታ ስላላመንኩት በጎረቤታችን በነርሷ በአስካለ ልጅ እጅ ልኬዋለሁ።

የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ምች መታው። ወንድምህን በስብሰባ መሀል ስሙን ጠርቶ ያስወሰደው ያ አፍ አብጦ፣ ከንፈሩ ውኃ ቋጥሮ፣ ለአብዮት በዓሉ ንግግር ሁለት ቀን ሲቀረው ደጄ ቆመ።

«እማማ የሺዓለም፣ ዳማከሴ አለዎት አሉኝ» አለ።

ዳማከሴው ከኋላዬ በጣሳ ለምልሞ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል።

«ውኃ የሚያጠጣልኝ ልጅ ከተወሰደ ወዲህ ደርቋል» አልኩት።

ሽታው አፍንጫው ገብቷል፤ ግን ዞሮ ሄደ። ንግግሩን ሌላ ሰው አነበበለት። እኔም ፊት ለፊት ተቀምጬ ከንፈሩን ሳይ ዋልኩ።

አስካለ እንደምትለው ምች በመሳም ይጋባል፤ ከዳነም በኋላ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ድካም ሲያገኝ ይነሳል። አንተም ከንፈርህ ሲቆስል ሕፃኗን ልጅህን እንዳትስማት፣ ፎጣህንም ለይ።

እሷን ያሳድግልህ፣ ዕድሜዋን ያርዝመው። ፎቶዋን ላክልኝ።

የሊቀመንበሩም ተመልሶ ይነሳበታል ብላኛለች። ጣሳዬን ጠዋት ጠዋት እያጠጣሁ እጠብቀዋለሁ።

እናትህ