ሲስተር የሺዓለም ወዬሳ እንዲነበብላቸው አደራ ያሉት የሕይወት ታሪክ

ሲስተር የሺዓለም ወዬሳ ከአባታቸው ከአቶ ወዬሳ ገመዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበበች ጉርሙ መጋቢት 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በመልካሳ አካባቢ ተወለዱ። ታላቅ ወንድማቸው ጉተማ ሲሆን፣ ታናሻቸው ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚያነበው ዘገዬ ነው።

አባታቸው በአርባ አራት ዓመታቸው ፊታቸውና እግራቸው አብጦ ሲያርፉ ሲስተር የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ነበሩ። ሰው ሁሉ ምች ነው አለ። ነርስ ለመሆን የቆረጡት ያኔ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ናዝሬት ተምረው፣ አዲስ አበባ በነርስነት ሠልጥነው በ1954 ዓ.ም. ተመረቁ። በመጀመሪያ በዝዋይና በቡልቡላ፣ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በናዝሬት አገልግለዋል። ቡልቡላ ሳሉ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ መንታ አዋልደዋል።

በ1957 ዓ.ም. ከመምህር ቀነዓ ጆቴ ጋር በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ትዳር መሥርተው ሴት ልጃቸውን ኢፍቱንና ወንድ ልጃቸውን ጫላን ወልደዋል።

ከዚህ በኋላ ያለውን የምናነበው ራሳቸው ስላዘዙን ነው። በመጨረሻው ሕመማቸው፣ "ደግ ደጉን ብቻ እንዳታነቡ። የቀመሪያንም ነገር አንብቡ" ብለውናል።

ወይዘሮ ቀመሪያ ሱሩር የወንድማቸው የጉተማ ባለቤት ናቸው። ጉተማ በ1968 ዓ.ም. በአርባ አንድ ዓመቱ እንደ አባቱ አብጦ፣ ሽንቱ ደም ሆኖ ሞተ። ቤተሰቡ ቀድሞውንም የሃይማኖት ልዩነቱን ሰበብ አድርጎ ጋብቻውን አልወደደውም ነበርና መርዝ አብልታው ነው አለ። ክሱን ለቀበሌ ያቀረበው ዘገዬ ነው። ወይዘሮ ቀመሪያ ሦስት ሳምንት ታሰሩ። ማስረጃ ጠፍቶ ሲፈቱ ቤታቸው ተዘግቶ ጠበቃቸው፤ የአምስት ዓመት ልጃቸውን ጉዲቱን አዝለው ቡልቡላ ገቡ።

ሲስተር በሕመሙ ጊዜ የወንድማቸውን የደም ግፊት ለክተው ከፍ ብሎ አግኝተውት፣ ያበጠ ጎኑንም ዳስሰው ስለነበር መርዝ ነው መባሉን አላመኑበትም። ይሁን እንጂ በሐዘን ድንኳን ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሱም። "እኔ ነርሷ ዝም ስል ሰው አመነ" እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖረዋል።

በ1978 ዓ.ም. የእሳቸውም እግር ማበጥ ጀመረ። ለወራት የጨጓራና የወገብ መድኃኒት ሲውጡ ቆይተው፣ ጥቅምት 1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተልከው አልትራሳውንድ በተባለው አዲስ መሣሪያ ታዩ። መሣሪያው ሳይቀድና ሳይወጋ፣ በድምፅ ሞገድ የውስጥ አካልን በመስኮት ያሳያል። ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ውሃ በቋጠሩ ከረጢቶች ተሞልተው ከመጠን በላይ አድገው ተገኙ።

ሐኪሙ፣ "ሲስተር፣ ከቤተሰብዎ እንዲህ አብጦ ያረፈ አለ?" ብለው ጠየቋቸው።

"አባቴ። ወንድሜም።"

"ከዘር የሚወረስ ነው። ብዙ ዓመት ተደብቆ ያድጋል።"

"መርዝ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል?"

"በፍጹም።"

አብረዋቸው የነበሩት መምህር ቀነዓ እንደሚሉት፣ ስለ ራሳቸው ሕመም አንድም ጥያቄ ሳያነሱ ከአልጋው ወረዱ።

በሳምንቱ ባለቤታቸውን አስከትለው በአውቶቡስ ቡልቡላ ሄዱ። ዘገዬም አብሮ ተነሥቶ ነበር፤ ነገር ግን አውቶቡሱን ሳይሳፈር ከመናኸሪያው ተመለሰ። ሲስተር በወይዘሮ ቀመሪያ በራፍ ላይ ቆመው የታየውን ሁሉ ተናገሩ። ወይዘሮ ቀመሪያ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸውና፣ "አሥራ አንድ ዓመት 'አልገደልኩም' ስል ኖርኩ። አሁን ማሽን ሲናገር አመናችሁ?" አሉ።

"እኔ ያኔም አውቅ ነበር" አሉ ሲስተር። "በድለሽኛል በይኝ።"

"በድለሽኛል። ይቅር ማለቱ ዛሬ አይሆንልኝም። ግን እግርሽ አብጧል፤ ኮቱ፣ ነይ ገብተሽ ቁጭ በይ።"

ሲስተር ወደዚያ ቤት የሄዱት ለይቅርታ ብቻ አልነበረም። በሽታው ለጉተማ ልጅም ሊተርፍ እንደሚችል ማስረዳት ነበረባቸው። በዚያው ዓመት ጉዲቱን፣ ኢፍቱንና ዘገዬን አዲስ አበባ ወስደው አስመረመሩ። ኢፍቱ ነጻ ሆነች። የዘገዬም ኩላሊት ምንም አልተገኘበትም። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ጉዲቱ ግን በሁለቱም ኩላሊቶቿ ላይ ትንንሽ ከረጢቶች ታዩባት። ሲስተር የራሳቸውን የደም ግፊት መለኪያ ሰጥተዋት፣ እንዴት እንደሚለካ በእሳቸው ክንድ ላይ አለማመዷት። ጫላ በብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ስለሚገኝ እስከ ዛሬ አልተመረመረም፤ ይህ ጭንቀት ከእናቱ አልተለየም።

ኩላሊትን ተክቶ ደም የሚያጥብ ሕክምና አላገኙም። አቅማቸው እስኪከዳቸው ድረስ ከሥራ ሳይቀሩ፣ እግሩ ያበጠ በሽተኛ ሁሉ ስለ ዘሩ እንዲጠየቅና በመሣሪያው እንዲታይ ሲወተውቱ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ከባለቤታቸው፣ ከልጆቻቸው፣ ከወንድማቸውና ከወንድማቸው ልጅ ተለይተዋል።

ወይዘሮ ቀመሪያ ትናንት ከቡልቡላ መጥተው ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ይቅር ይበሉን አይበሉን አልነገሩንም፤ እኛም አንጠይቃቸውም። ክሱ ግን በሕዝብ ፊት የተነገረ ነውና መሻሩም በሕዝብ ፊት ይሁን። ወይዘሮ ቀመሪያ ሱሩር ባላቸውን አልገደሉም። በሐሰት የከሰሳቸው ይህን የሚያነበው ዘገዬ ወዬሳ ነው።

እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ በሩቅ ያለውን ልጃቸውን በጤና ይመልስ፤ ለጉዲቱ ረጅም ዕድሜ ይስጥ። አሜን።