መምህር አረጋ ወልደ ሩፋኤልና የጽድ አምባዋ አበባ

መምህር አረጋ ወልደ ሩፋኤል ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ሩፋኤል ቢሆነኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ጋሻዬ በ1936 ዓ.ም. በላስታ፣ ጽድ አምባ ሚካኤል በተባለው ደብር አጥቢያ ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በላሊበላና በወልድያ ተከታትለው በ1959 ዓ.ም. የሳይንስ መምህር ሆኑ። በ1963 ዓ.ም. ከወይዘሮ አልጣሽ አድማሴ ጋር በተክሊል ተጋብተው የሻረግንና ምስጋኑን ወልደዋል። ባለቤታቸው "እሳቸው እኮ ዓይናቸው ከዛፍ አይወርድም" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

እውነትም አልወረደም። በነሐሴ 1974 ዓ.ም. በደብሩ ባረጀ ወይራ ላይ፣ ኦርኪድ ከሚባለው ወገን የሆነች ነጭ አበባ አዩ። ከነበሯቸው መጻሕፍት በአንዱም አላገኟትም። ከቤተ ክርስቲያን ዛፍ ቅጠል መቀንጠስ ነውር ነውና የደብሩን አለቃ ገብረ ሊባኖስን ፈቃድ ቢጠይቁ፣ "የወደቀ እንደሆን ውሰድ፤ ከዛፉ ግን እጅህን ሰብስብ፣ ልጄ" አሏቸው። ዓመት ጠበቁ። በ1975 ነሐሴ በረዶ ከአበቦቹ አንዲቱን ከነሥሯ ጣላት። በጋዜጣ መካከል አድርቀው፣ የበቀለችበትን ቦታ፣ ከፍታውንና የዛፉን ዓይነት በወረቀት ጻፉ። አዲስ አበባ ላሉ የዕፅዋት ባለሙያ እንዲያደርስላቸው አሊ ለሚባል ሾፌር ሊሰጡ ጋሸና ሄዱ። ዘመኑ የጦርነት ነበርና ኬላው ላይ የተራራ ስም የተጻፈበት ወረቀት የተገኘበት ሰው ተይዞ ሲወሰድ አዩ። ፈሩ። ወረቀታቸውን አኝከው ዋጡት፤ አበባዋ ብቻ ሄደች።

በአራተኛው ወር መልስ መጣ፦ "ከማውቃቸው ሁሉ ትለያለች፤ ነገር ግን የበቀለችበት ካልታወቀ ልመዘግባት አልችልም።" ደብዳቤ እየተከፈተ ይነበብ ስለነበር መልሱን ሰባት ጊዜ ጽፈው ሰባት ጊዜ ቀደዱት። በ1977 ደብሩ በተራበ ሰው ሲሞላ አለቃ እያለቀሱ ወይራው ለገንፎ ማብሰያ እንዲቆረጥ ፈቀዱ። መምህር አረጋ ምን ይበሉ? ሕፃናት እየሞቱ ስለ አበባ አይወራም። ፍልጡን ራሳቸው ተሸከሙ። ከዚያ ወዲህ በየነሐሴው የላስታን ወይራ ሲዞሩ ኖሩ፤ አላገኟትም። ወረቀቱን በመዋጣቸው ራሳቸውን ይቅር አላሉም።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም፣ መንገድ ተዘግቶ ሐኪም ቤት ልናደርሳቸው ሳንችል፣ ጥር 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እህታቸውን ወይዘሮ አገሬን ትተዋል። የዋጡት ወረቀት በዚህ ታሪክ ውስጥ እንዲጻፍ ለምነውናልና እነሆ፦ ጽድ አምባ ሚካኤል፣ ከምንጩ በላይ፣ በሰሜን በኩል፣ ያረጀ ወይራ ግንድ ላይ፣ የሁለት ሰው ቁመት ከፍታ፤ በነሐሴ ታብባለች።

ሁሉን በስሙ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በስማቸው ጠርቶ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን።