አጥሩ ሳይፈቀድ

ግንቦት ማለቂያ፣ ከራሃድ ወንዝ ዳር

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ክረምት ሊገባ ሲል የሚነሣብሽ ቁርጥማት ዘንድሮስ ትንሽ አዘነልሽ? ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ እህቴ ውዴስ ከነልጆቿ ደህና ናት? ያቺ ቀንደ ሰባራዋ ላም ወለደች ወይስ እንደ አምናው አሞኘቻችሁ? እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። የቀረውን ሆዴ ያውቀዋል።

በጭነት መኪናው ሹፌር አፍ የላክሽብኝ ወቀሳ ደርሶኛል። ልጆቼ ስልክ መደወል ጠሉ ወይ ብለሻል አሉ። እዚህ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ስልኩ አንድ ቀን ቢሠራ ሳምንት ይጠፋል። ግን ልዋሽሽ አልወድም፤ ሲሠራም እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ድምፅሽን ከሰማሁ የምሆነውን አላውቅም።

ስለ ቻላቸው ደጋግመሽ ጠይቀሻል። የፈተልሽለት ጋቢ ደርሷል። ለብሶታል፤ ያለበስኩትም እኔው ነኝ።

አሁን ያቃጠለኝን ላጫውትሽ። እዚህ ወንዙ ዳር፣ በማሽላው እርሻና በግራሩ መካከል፣ የእኛ ሰው የሚቀበርበት ቦታ አለ። ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ አገሩ ያልተመለሰው ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። የአጫጆቹ አለቃ ላቀው፣ የጎረቤታችን የአበባው ልጅ፣ ማን የት እንደተኛ በድንጋዩ ለይቶ ያውቃል። ዘንድሮ ከማሽላው አጨዳ በኋላ የገባው ንዳድ ክፉ ነበር፤ ቦታው ሰፋ።

መሬቱ የአንድ ሐጅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አባቱም እሱም ያንን ጥግ ሳያርሱ ኖረዋል። ዘንድሮ ግን እርሻውን ለነጋዴ አከራየ። ጠርቶን፣ እኔ ሙታን ላይ ማረስ አልወድም፣ የነጋዴው ትራክተር ነጂ ግን ሣር እንጂ መቃብር አይታየውም አለን። የእሾህ አጥር አጥረን ነበር፤ ከብት አርቢዎች ለማገዶ ወሰዱት። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ የግንብ አጥር እጠሩ አለ፤ ነገር ግን ከመሐሊያው፣ እኛ ወረዳ ከምንለው መሥሪያ ቤት፣ ሩክሳ ሳትይዙ አንድ ጡብ ብታቆሙ በማግስቱ ያፈርሱባችኋል አለን። ሩክሳ ማለት ፈቃድ ነው። እኔም ምን አለ፣ ፈቃድ አይደል ብዬ ተነሣሁ። የዋህነቴ!

ጡቡን ራሳችን ወንዙ ዳር አቃጠልን። ግንበኛም አገኘን፤ ሃፍቱ ይባላል፣ ከስደተኞቹ ካምፕ የመጣ የትግራይ ሰው ነው። አውቃለሁ፣ በዚያ ጦርነት የሆነውን አንቺም አልረሳሽ፣ እሱም አልረሳ። ግን የሚስቱ የመብርሂትም መቃብር እዚያው ወንዙ ዳር ነው። ያኔ መቆፈሪያ አጥተን ስንደናበር አካፋውን ይዞ የመጣው እሱ ነው፤ ከእኔ ጋር እስኪመሽ ቆፈረ። እናቴ፣ ስሙን በጸሎትሽ አስቢልኝ።

ከዚያ በገዛ እጃችን አበላሸነው። መሐሊያው በር ላይ ከዛፍ ሥር የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ምን ልትሠሩ ነው ሲለኝ፣ በገበያ ዐረብኛዬ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? እኛ አገር ሰው የሚቀበረው ከደጀ ሰላሙ ውጭ የት ነው? አባቴ ያለው እዚያ፣ አያቶቼ ያሉት እዚያ። መቃብር ያለ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚባል እንኳ አስቤው አላውቅም። ላቀውና ሰዎቹ ደግሞ የመሐሊያው መሐንዲስ ቦታውን ሊያይ ነው ሲባል፣ ባዶ ሜዳ መስሎት እንዳይንቀው ብለው መካከሉ ላይ ክብ የሣር ጎጆ ቀለሱ፤ ጫፉ ላይም መስቀል ተከሉ። መስቀል ያላየ መቃብር የከብት ነው ብለው። እኔም ደስ ብሎኝ ሣሩን ሳቀብል ዋልኩ።

መሐንዲሱ መጣ፣ ከሞተር ሳይክሉ ሳይወርድ ጎጆውን አየ፣ ወረቀቱን አየ። እናንተ የምትጠይቁት አጥር ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ነው አለ። እንዲህ ያለው ፈቃድ ከእኔ በላይ ነው፣ ገዳሪፍ ይሂድ ብሎ ጽፎ ሄደ። ብንለምነው፣ ጎጆውን እዚያው ፊቱ ብናፈርሰው፣ የጻፈውን ሊመልስ አልቻለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ትይ የለ? እኛ ሞኞቹ፣ እሱ ወረቀቱ፤ ተገናኘን።

ወረቀቱን ተከትዬ ገዳሪፍ ወጣሁ፣ በማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ቢሮው ከካርቱም በተፈናቀለ ሕዝብ ተሞልቷል፤ የሚያለቅስ፣ ልጅ የሚያጠባ፣ ደረጃው ላይ የሚያድር። አንዱ ፋይላችሁ ጸጥታ ክፍል ነው ይላል። ጸጥታ ክፍሉ አላየሁም ይላል። ቡክራ ይላሉ፣ ነገ ማለታቸው ነው። ነገ ስትሄጂም ነገ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ማንን ልክሰስ? እንደገና ጀምር፣ መቃብር ብለህ ጻፍ አሉኝ። ጻፍኩ። የውጭ አገር ሰው በመሬት ላይ ማመልከት አይችልም፣ ባለመሬቱ ይምጣ አሉኝ። ሐጁ ለዓይኑ ሕክምና ካይሮ ሄዷል። መቼ እንደሚመለስ ልጆቹም አያውቁ።

በመጨረሻ ተመልሼ ወደ መሐሊያው ሙዲር፣ ወደ ኃላፊው ገባሁ። በሩ ላይ ቆሜ ውዬ ዘበኛው ሰለቸውና አስገባኝ። ማመልከቻውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። እዚያ ቦታ ማን አለህ ሲል ጠየቀኝ። ነገርኩት።

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። እሱም ከካርቱም የመጣ ነው። እኔም ወንድሜን የቀበርኩት ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር ነው፤ ጥይቱ ወደ መቃብር አላስወጣን ብሎ አለኝ። ዛሬ በዚያ ቤት ማን እንዳለ አላውቅም፤ ወላሂ ልጄ፣ ሩክሳ የሚሰጥ እጅ ቢኖረኝ ለራሴ እሰጥ ነበር አለኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ፈቃዱን ግን አልሰጠኝም፤ ሕጉ አያደርሰውም። ሻዩን ሳልጠጣው ወጣሁ፤ ግንቡን ተደግፌም እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ተስፋዬ እዚያ በር ላይ አለቀ፣ እናቴ። አልደብቅሽም።

አሁን ዝናቡ ጀምሯል። ትራክተሩ ከጎናችን ያለውን እርሻ እየገለበጠ ነው፤ ስጽፍልሽ ድምፁ ይሰማኛል። ጡቡ እንደተከመረ ዝናብ እየመታው ነው። እኔና ሃፍቱ ከግራሩ ሥር ሸራ ወጥረን እዚያው ሰፍረናል። ነጂው ሲመጣ ፊት ለፊቱ እንቆማለን። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አላውቅም። ካባረሩን የሚያስጥለን የለም፤ ሰውም ወረቀትም የለንም። ውዴ እዚህ ላይ ስትደርስ ብትንተባተብ አትቆጫት፤ ጽሕፈቴ ቀድሞም የዶሮ ጭረት ነው።

እናቴ፣ ላቀው ወደ አገር እየተነሣ ነው። መተማ ላይ መንገዱ ከቀናው ከዚህ ደብዳቤ ጥቂት ዘግይቶ ይደርሳል። ብቻውን አይመጣም፤ አጎቴንና የንስሐ አባትሽን ይዞ፣ ማለዳ፣ ውኃ ለመቅዳት ሳትወጪ ይመጣል። ከእኔ ያልሰማሽውን ከእነሱ ስሚ። ወጉን አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ፤ በወረቀት የማይላክ ነገር አለ። ውዴ በዚያ ሰሞን ከቤትሽ እንዳትለይ ንገሪያት። አንቺም እንጀራሽን በደንብ ብዪልኝ፤ ጉልበት ያስፈልግሻል።

እኔ ከእነሱ ጋር መምጣት ነበረብኝ። እግርሽ ሥር መውደቅ ነበረብኝ። ሌት ተቀን አሰብኩት። ግን የሸኘሽን ዕለት ሸኸዲ መኪና ተራ ላይ እጄን ይዘሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። ታናሽህ ነው፣ ጨለማ ይፈራል፣ በሰው አገር ብቻውን እንዳትተወው ብለሽ ነበር። እሱ ሰምቶሽ፣ እኔ ጎረምሳ አይደለሁም ወይ ብሎ ተቆጣ፤ አንቺም ሳቅሽ። አሁን እኔ ብመጣ እዚህ ማን ይቀራል? ትራክተሩ ያን ጥግ አልፎ ሳይሄድ አልነሣም። ቻላቸው ብቻውን አይደለም፤ ከአጠገቡ ነኝ።

እመቤታችን መቀነቷን ታስታጥቅሽ። የሚመጣውን ጠዋት የምትችዪበት ትከሻ ይስጥሽ። በአባቴ ጊዜ ያጽናናሽ አምላክ ዳግመኛ ደጅሽን አይርሳ። ያቺ ላም ከወለደች፣ ጥጃውን አትሽጪው፤ ስሙን እኔ ስመጣ አወጣለታለሁ።

አደራሽን ያልበላው፣
የበኩር ልጅሽ