የራስጌው ገመድ

ውድ ወንድሜ ኢነስ፣

አባባ አልጠላህም ነበር። እንደ ልማዴ ወደ ኋላ እንዳልል ይህን አስቀድሜ ጻፍኩት። ይህን ደብዳቤ እንደማታነበው አውቃለሁ፤ ፊደል ከጠፋብህ ዓመት አልፎታል። ግን ለሌላ ለማን ልጻፈው?

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላህ አባባ ከሰል ማውጫው በር ላይ አቁሞህ «እዚህ ጉድጓድ እንደማትገባ ማልልኝ» አለህ። አንተም ማልክ። ያን ጊዜ ኳስ ነበረችህና መሐላው አልከበደህም። የመንደራችን የኦክንሻው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ዝናብ እየደበደበው አንተን ለማየት ይወጣ ነበር፤ ውሃ የጠጣ የቆዳ ኳስ በግንባርህ እየመለስክ ስንት ጊዜ በትከሻቸው ተሸክመውሃል። ወደ ትልቁ ክለብም ሄድክ። ሠላሳ ሊሞላህ ሲል ጉልበትህ ተሰበረ፤ ክለቡ በሦስት መስመር ደብዳቤ አሰናበተህ። ፖሊስ ደግሞ ቁመትህን አይቶ ተቀበለህ።

«ከመሬት በላይ የሚሠራ ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለኝም» አለ አባባ። አጎታችን ዋቲ ግን ዝም ይላል? «አሁን ዳኛው ሲያጠፋ ታስረዋለህ ማለት ነው?» እያለ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀብህ። ያኔ ሁሉም ይወድህ ነበር።

ከዚያ የከሰል ሠራተኞች አድማ መጣ። አንድ ቀን ማለዳ በጎረቤት መንደር ማዕድን በር ላይ አድመኞቹን ሊያግዱ በመጡት ፖሊሶች ሰልፍ መሐል ቆመህ ታየህ። አለቃህ ልኮህ እንደሆነ፣ አትላኩኝ ብለህ ለምነህ እምቢ ተብለህ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። የተሸከሙህ ሰዎች ስምህን እየጠሩ ተፉብህ።

በኅዳር የአባባ ሳንባ እምቢ አለ። ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት እጄን ያዘኝ።

«ኢነስ የት አለ?»

«ሥራ ላይ ነው አባባ።»

«ሣጥኔ ወደ መቃብር ሲወርድ አንደኛው ገመድ የሱ ነው። ሰምተሻል? ከፈለገ ያን የፖሊስ ኮፍያውን ደፍቶ ይምጣ። ልጄ ነው።»

ሰምቻለሁ አልኩት። ሲሞት፣ ሣጥኑን በገመድ ለሚያወርዱት የሚታደሉትን ካርዶች ለመጻፍ ተቀመጥኩ፤ ከቤታችን ጽሕፈቱ የሚነበበው የኔ ብቻ ነበርና። የሬሳ ሣጥኑ ሥዕል፣ ዙሪያውን ስምንት ቁጥር፤ ስምንት ገመድ ለስምንት ወንድ። አንደኛው፣ በራስጌ በኩል ያለው፣ የበኩር ልጅ ድርሻ መሆኑን በኦክንሻው ድመት እንኳ ያውቃል። ያንተን ስም ጽፌ ቀለሙ ሳይደርቅ ዋቲ ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው ኤልሲ?»

«የአባባ ቃል ነው።»

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ፖሊስ የሚያወርደውን ሣጥን እኛ አናወርድም። ሰባቱ ገመድ መሬት ላይ ይቀራል። ብቻውን ይቅበረው እንግዲህ!» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወለሉን እያየ፣ «ባልሽም ከኛ ጋር ነው። ልጆችሽም የሚበሉት ከአድመኞቹ የጋራ ወጥ ቤት ነው» አለኝ። እሱም የሚወደውን ወንድሙን ሊቀብር ነው፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ካርዱን ቀደድኩት። አንደኛውን ለዋቲ ጻፍኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ይቅር ትለኝ ነበር። በማግስቱ ዩኒፎርምህን ትተህ ጥቁር ካፖርት ለብሰህ ስትመጣ በር ላይ ጠበቅኩህ። «ፈራሁ» ብልህ ኖሮ ትከሻዬን መታ መታ አድርገህ «ግድ የለም» ትል ነበር። ግን ፈሪ መባሉ አሳፈረኝ፣ ኢነስ። በሞተ ሰው ላይ አላከክሁት።

«አባባ ነው። ፖሊስ ገመዴን እንዳይነካ ብሏል።»

«ራሱ ነው ያለው?»

«ራሱ ነው።»

ዞረህ ወጣህ። ከመቃብሩ አጥር ውጭ ባርኔጣህን አውልቀህ አፈሩ እስኪሞላ ቆምክ። ከዚያ በኋላ ወደ አባባ መቃብር ዝር ብለህ አታውቅም፤ አልፈልግህም ያለህን ሰው ማስቸገር አልወደድክም። በየገናው ግን ካርድ ትልክልኝ ነበር፣ ልጆቼን በስማቸው እየጠራህ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ እያደር ፈራሁ። ዘንድሮ እነግረዋለሁ እያልኩ ሠላሳ ምናምን ዘንድሮ አለፈ። ከዚያ የመርሳት በሽታው መጣ። ሐኪሙ በግንባርህ የመታኸው ኳስ ያመጣው ሊሆን ይችላል ይላል፤ እንጃ። የሚስትህን ስም ወሰደብህ፣ ማዕረግህን ወሰደብህ። አንዲት ነገር ብቻ ተወልህ። ወደ መጦሪያው በመጣሁ ቁጥር «ኤልሲ፣ አባባ ለምን ጠላኝ?» ትለኛለህ።

ትናንት ነገርኩህ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳልዋሽ። ፊትህ እንደዚያ ሲበራ ከጎረምሳነትህ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

«ገመዱን ለኔ ነው ያለው?»

«ለአንተ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጠናል? ካፖርቴን አምጪ! ቀብሩ ከምሳ በኋላ አይደል?»

ተነስተህ ወደ በሩ ሄድክ። በሩ በቁጥር የሚከፈት ነው፤ አንተ ደግሞ ቁጥር የለህም። በቡጢ ደበደብከው። «ልቀቁኝ! አባቴ ይጠብቀኛል! አረፈድኩ!» እያልክ እንደ ሕፃን ስታለቅስ ሁለት ነርሶች እጅህን ያዙ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ስትይዝ የኖርክ ሰውዬ። መርፌ ወጉህና ተኛህ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ካፖርትህን አቅፌ ነበር።

ስትነቃ ሻይ አመጡልህ። አንድ ሁለቴ ፉት አልክና ቀና ብለህ አየኸኝ።

«ኤልሲ፣ አባባ ለምን ጠላኝ?»

ነርሷ ካትሪና በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ደግ ልጅ ናት። «እባክዎ ሁለተኛ እንዳይነግሩት። በሰማ ቁጥር አባቱን እንደ አዲስ ይቀብራል። ሲጠይቅዎ ወሬ ይለውጡ፣ ስለ ኳስ ያንሱለት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? እውነቱ ይጠቅምህ በነበረ ጊዜ ከለከልኩህ፤ አሁን ብሰጥህ የሚገድልህ እሱ ሆኗል።

ይቅርታ አልለምንህም፤ መበደሉን የማያውቅን ሰው ይቅር በለኝ ማለት ሌላ ማታለል ነው። ረቡዕ ከምሳ በኋላ እመጣለሁ። ትጠይቀኛለህ። እኔም ስለ ኳስ አነሳልሃለሁ።

እህትህ ኤልስፔት