ጥጥ ለጣልያን ጆሮ ብቻ

ኅዳር 8፣ ሰኞ ማታ
ይሄ የጆሮ ጩኸት መቼ ነው የሚለቅ? ማስታወሻዬ፣ ካወቅህ ንገረኝ። ዛሬም ከገሳይ በላይ ለመንገዱ ድንጋይ ስናፈርስ ዋልን። ድማሚት። ከዚያ መሰርሰሪያው። ደግሞ ድማሚት። እራት ስበላ የራሴ ማኘክ እንኳ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ። እኔስ አስተርጓሚ ነኝ፤ «ራቁ!» ብዬ ጮኼ እሸሻለሁ። የኔታ ግን አለቱ ሥር ናቸው። በልጅነቴ ዜማ ያስተማሩኝ የኔታ! ጣልያኖቹ በግዳጅ አምጥተው መዶሻ አስጨበጧቸው።

ኅዳር 9
በጣልያኑ መሐንዲስ ድንኳን ላይ ደንብ ተለጥፏል። አነበብሁት። ድማሚት ሲፈነዳ ሠራተኛ ሁሉ ጆሮውን በጥጥ ይድፈን ይላል። ሁሉ! ደስ ብሎኝ ሮጥሁ። መሐንዲሱን፣ ጥጡን ስጠኝ፣ እኔ አድላለሁ አልሁት። ሳቀ። ለጣልያኖቹ ነው አለ፤ የአበሻ ጆሮ ከበሮ የለመደ ነው። ይህንንም ተርጉምላቸው አለኝ። አልተረጎምሁም። ተማሪ ቤት የጨረስሁት ለዚህ ነው?

ኅዳር 12፣ ሚካኤል
በበዓል አሠሩን። ከደ/ታቦር ገበያ ጥጥና ሰም ገዝቼ፣ አድቦልቡዬ አመጣሁ። እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር! የሚቀበል ጠፋ። እዚህ አገር ተኩስ ሲሰማ ጆሮውን የሚይዝ ፈሪ ነው። አብሮኝ ያደገው ጋሻው አንዷን አንስቶ፣ «ኑ እንጂ፣ ሙሽሪት ጉትቻ አምጥታልናለች!» አለ። ሰዉ ተንከተከተ። የኔታም እጄን መለሱት፤ «ተው ልጄ፣ በስተርጅና ፈራ አታሰኘኝ።» በጣልያኑ ልናደድ ወይስ በኛ? ሁሉም ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። ፈነዳ። ቂሎች! ጀግንነቱን የሚያይላቸው ማን ነው? ድማሚቱን የሚለኩሰው ጣልያን ካቦ? እሱማ ጆሮውን ደፍኖ ይስቃል።

ኅዳር 14፣ እሑድ
ከጋሻው ጋር የኔታን ልንጠይቅ ሄድን። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ዋርካው ሥር ያስተምራሉ። ተማሪው ዜማውን አበላሸ። ድሮ በዘንጋቸው ጫፍ ይነኩን ነበር። አሁን ዘንጋቸው አልተነሣም። ደግሞ አበላሸ። ተማሪዎቹ ተያዩ። የኔታ ቀና አሉና፣ «ምነው ዝም አልህ? ቀጥል እንጂ» አሉት።
ዝም አላለም። እያዜመ ነበር።
ጋሻው አልሳቀም።

ያው ዕለት፣ ሲመሽ
ወሰንሁ። እኔ «ራቁ!» ካላልሁ ካቦው ክብሪት አይጭርም፤ የራሱም ጣልያኖች እዚያው አለቱ ሥር ናቸው። ነገ ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ሳይደፍን አልጮህም። ይግረፈኝ! ግን ብቻዬን ከሆንሁ፣ ገርፈው ሌላ አስተርጓሚ ይተኩብኛል። አሁን ጋሻው ቤት ልሄድ ነው። የምለው ይሄ ነው፦ ወንድሜ፣ አንተን ሰው ይሰማሃል። ነገ ከሁሉ ቀድመህ፣ እያዩህ፣ ጥጡን ጆሮህ ውስጥ ክተት። ትከታለህ? እሺ በለኝ።