ለድንኳኑ የተቆረጠችው ሐረግ

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ በምን ዓይኔ አይሃለሁ ብዬ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ሚሚያችን ዘጠነኛ ክፍል ገባች፤ እንደ አባቷ ባዮሎጂ ትወዳለች። ወንድምህ የሚያፈሰውን ጣሪያ አደሰልን። ልብሶችህን ለዘመድ ሰጥቻለሁ፤ ቡናማው ሹራብህ ብቻ እኔ ጋ ቀረ።

በዓለም ላይ አንድ ደሴት ላይ ብቻ ስለምትኖረው ቢራቢሮ ለተማሪዎችህ አስተምረህ አልበቃህ ብሎ ራት ላይ ለእኛም ትደግመው ነበር። ገና ትል ሳለች የምትበላው አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ ነው፤ እሱ ከጠፋ ሌላ አገር ሄዳ አትኖርም ትለን ነበር። እኔ ደግሞ ባሕር ማዶ ላለች ቢራቢሮ ከምትጨነቅ ለሚስትህ ብትጨነቅ ምናለበት እያልኩ አሾፍብህ ነበር። በኋላ ዱመርሶ መንደር ቡና ማሳ ውስጥ ልትመነጠር የነበረች ሐረግ ከነሥሯ ነቅለህ አምጥተህ በራችን አጠገብ ተከልካት። እየዋለ እያደረ ጥቁርና ሰማያዊ ቢራቢሮዎች መጡባት። ዲላ ውስጥ ሌላ ቦታ አይተሃቸው አታውቅም። ግቢያችን ደሴት ሆነች ብለህ እንደ ልጅ ስትቦርቅ ዛሬም ይታየኛል።

ያረፍክ ዕለት የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡ። ግቢው ጠበባቸውና ሐረጓን ምን እናድርጋት ብለው ጠየቁኝ። ታዴዬ፣ ቁረጧት ያልኩት እኔ ነኝ። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ቅጠሏ ላይ ትሎች ነበሩ፤ አይቻቸዋለሁ። አንተን ያለቀስኩበት ድንኳን የተተከለው እነሱ ላይ ነው።

ክረምቱ ወጣ፣ መስከረምም አለፈ፤ አንዲትም ቢራቢሮ አልመጣችም። ሚሚ በር ላይ ቆማ ስትጠብቃቸው ሳይ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ዕድርተኞቹ ሳይጠይቁ የቆረጧት ይመስላታል፤ እኔም ዝም አልኩ።

ሰሞኑን ከጉቶዋ ሥር ትንሽ ቅጠል ብቅ አለች። ዕድሩ ለሙት ዓመትህም ድንኳኑን እዚያው ሊተክል ነበር፤ እምቢ አልኩ። መንገድ ላይ ይተከላል። የባሏን ተዝካር ጎዳና ላይ ጣለችው ብለው ቢያሙኝም ይሙኝ።

አንተን መርሳት አልችልም፤ ያንን ቀንም አልረሳውም። ሚሚ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ከዚያ ከፈቀደችልኝ፣ በር ላይ አብሬያት ቆሜ እጠብቃለሁ።

ባለቤትህ